የሙሽራው ቀኝ ጭራ

ጉሙ ማለዳ ማለዳ ሳይጠሩት ነው ወደ ወጥ ቤታችን የሚገባው። በመስኮቱ ይገባል፣ በድስቶቹ መካከል ይዞራል፣ የአክስቴን የኦቲሊያን ጉንጭ ነካ አድርጎ በጓሮ በር ይወጣል። ከጉሙ ኋላ ወፎቹ ይመጣሉ። ከኪቶ ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ፣ ተራራው ወገብ ላይ የምንኖር ሰዎች ኪንዴ እንላቸዋለን፤ ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ አየር ላይ ቆመው የሚጠጡ፣ ክንፋቸው ከፍጥነቱ የተነሳ ለዓይን የማይያዝ ወፎች። ጓሯችን ውስጥ ዘጠኝ የስኳር ውሃ ማጠጫ ተሰቅሏል፤ ስምንቱ ከዛፎቹ ላይ፣ አንዱ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ። ስኳሩን የምትበጠብጠው አክስቴ ናት፤ አንድ እጅ ስኳር፣ አራት እጅ ውሃ። ለሰው ጥቁሩ የሸንኮራ ስኳር፣ ፓኔላው፣ ለወፎቹ ነጩ ስኳር። ፓኔላ ለወፍ መርዝ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጎረቤት እኛ ዘንድ ሰው አይባልም።

እኔ ያዲራ እባላለሁ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። ማን አስተማረሽ የሚሉኝ አሉ። ማንም። ሽፋኑ የተገነጠለ መመሪያ ነበር፤ ቋንቋውን ስለማላውቀው ሥዕሎቹን እያየሁ ተማርኩት። ካሜራውን የሸጠልኝ እንግዳ ሁለቱ ቁልፎች ለምን እንደሚያገለግሉ ያወቀው ከእኔ ነው። ከዋና ከተማ ደግሞ ጃኬታቸው ኪስ ብቻ የሆነ ሰዎች ይመጡና፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ ደግነው ውለው፣ ጭራም ክንፍም የሌለው ጭጋግ ይዘው ይመለሳሉ። እኔ በስድስት ፍላሽ ወፏን አየር ላይ አቆማታለሁ። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህን ስናገር ጉራ ይመስላል። ይምሰል።

የአክስቴ ዓይን ከሁለት ዓመት ወዲህ መሃሉ ጠፍቷል። ፊት ለፊቷ ያለውን አታይም፤ ዳር ዳሩን ግን፣ አንገቷን ጥሬ እንዳየች ዶሮ ዘንበል አድርጋ፣ ታያለች። ባለፈው ወር ከደረጃው ወድቃ ጎኗን ስትመታ ልጇ ዊልመር ቆረጠ፤ ጓያኪል ወስዶ እሱ ቤት ሊያኖራት። እዚያ ሙቀት ነው፣ አስፋልት ነው፣ ወደብ ነው። አርብ ጠዋት በአውቶቡስ መሄዷ ተወሰነ።

አላለቀሰችም። ሰኞ ዕለት ስኳሩን እያማሰለች አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«ሙሽራውን አንሺልኝ። ትልቅ አድርጊውና እዚያ ግድግዳው ላይ ልስቀለው። ሌላ ወፍ እንዳታመጪብኝ፤ እሱን ነው የምልሽ።»

ሙሽራው የመስኮቱ ማጠጫ ባለቤት ነው። ዘሩ አረንጓዴ ሆኖ እግሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሱሪ አለው፤ ከጭራው ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይወጣሉ፣ በየጫፋቸው እንደ ሻይ ማንኪያ የሰፋ ሰማያዊ ላባ አለ። ሙሽራው ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን የጎረቤት ድመት ነጥቃዋለች። የሌሎቹ ላባ ቢወድቅ በዓመቱ ይተካል፤ የእሱ እምቢ ብሎ ቀረ። አክስቴ ከሃያ ወፍ መካከል በድምፁ ትለየዋለች። ሲዞር ያነክሳል ትላለች። አየር ላይ እንዴት ያነክሳል፣ መሬት የለ እግር የለ ብላት፣ አንቺ ጆሮሽን ካሜራው ውስጥ ረስተሽው ነው አለችኝ።

ማክሰኞ ሥራዬን ጀመርኩ። የሥራው ወግ እንዲህ ነው፤ ማጠጫዎቹ ሁሉ ይወርዳሉ፣ በምትካቸው አንድ ቀይ አበባ ይቆማል፣ አበባው ውስጥ በመርፌ የስኳር ውሃ ይጨመራል፣ ከኋላው አረንጓዴ ጨርቅ ይወጠራል፣ ፍላሾቹ ዙሪያውን ይከቡታል። ወፎቹ ምርጫ ሲያጡ በሰልፍ ወደ አበባው ይመጣሉ። የመስኮቱን ማጠጫ ሳወርድ አክስቴ ከውስጥ የሽቦውን ድምፅ ሰማች። እሱን ተዪው፣ እሱ ሰነፍ ነው፣ አበባ አይጠጣም አለች። ሲርበው ይጠጣል አልኳት፤ ከእኔ በላይ ስለ ወፍ ማን ያውቃል ብዬ።

ማክሰኞ ሙሽራው አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሌሎቹ መጡ፤ ወይን ጠጅ ጉሮሮ፣ የወርቅ ግንባር፣ ከራሳቸው የሚረዝም ምንቃር። ፍላሹ ብልጭ ባለ ቁጥር ጉሙ ነጭ ግድግዳ ይሆናል፣ ወፏም ግድግዳው ላይ እንደተሰፋች ትቆማለች፣ ከዚያ ተመልሶ ሁሉም ይሟሟል። በሁለተኛው ቀን እኔ ራሴ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ መለየት አቃተኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሙሽራው ዘር የሆነ አንድ ጎረምሳ መጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሱሪው ላይ ያለው ጥጥ ሳይቀር ይታያል። ችግሩ ሁለቱም ጭራዎቹ ነበሩት።

እዚህ ላይ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና አንዱን ጭራ አጠፋሁት። ጣቴን ትንሽ አንቀሳቅሼ ድመቷ የሠራችውን ሠራሁ። ታይ ይመስል፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ወደ ታችኛው ከተማ ወርጄ ጠረጴዛ በሚያክል ወረቀት አሳትሜው መጣሁ። እናቴ ኖኤሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎረቤቶች ተጠሩ፣ ቦሎናቸውን፣ የቁርሳቸውን የሙዝ ድብልብል፣ እንደያዙ መጥተው አፋቸውን ከፈቱ። አክስቴ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስደገፈችና አንገቷን ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ወደ ግራ አዘነበለች። እንደዚያ ሆና ብዙ ቆየች። ከዚያ ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቀች።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለችኝ። «የማን ነው?»

«የአንቺ ነዋ። ሙሽራው።»

«የእኔ የጎደለው ቀኙ ነው። የዚህ ግራው ነው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔ ሙሽራውን የማየው ሁልጊዜ ከጓሮው፣ ፊት ለፊት ነው፤ ጉድለቱ በእኔ ግራ በኩል ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ደህና ሳለ ከወጥ ቤቱ ሆና፣ ማጠጫው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ነው ያወቀችው። ጀርባውን በሰጠኝ ወፍ ላይ የራሴን ግራ አጠፋሁ። ጭራ መቁረጥ እንኳ በወጉ አልሆነልኝም።

«ድመቷስ ርቧት ነው» አለች አክስቴ። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

ወጣሁና ጨርቁን ፈታሁ፣ ፍላሾቹን በየከረጢታቸው ከተትኩ፣ ገና ሳይመሽ ዘጠኙንም ማጠጫ በየቦታቸው መለስኩ። የመስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን ያስራብኩት ወፍ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ቂል ነው፤ እኔ ጠበቅኩ።

አርብ ማለዳ ጉሙ ከወትሮው ወፍሮ መጣ። አክስቴ የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ፤ ፍላሽ የለኝም፣ ያለኝ ብርሃን በወተት እንደታጠበ ነገር ነው። በዚህ ብርሃን ክንፍ እንደማይያዝ አውቃለሁ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከላይኛው ኩርባ ተሰማ።

ጓሮው መንሾካሾክ ጀመረ። አክስቴ ጣቷን ጭኗ ላይ እንደጫነች ታዳምጣለች። ይሄ ተደባዳቢው ነው፣ ይቺ እናቲቱ ናት፣ እያለች ማንም ሳይታየኝ ትቆጥራለች። ከዚያ ጣቷ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«መጣ።»

አላየሁትም። ሌንሱን ጣቷ ወዳመለከተበት ጉም አዞርኩና ጣቷን ተከተልኩ፤ ከፍ ስትል ከፍ አልኩ፣ ስትዞር ዞርኩ። ሦስት ጊዜ ተጫንኩ። ድንገት ጉሙ ከፊቷ አንድ ስንዝር ላይ አረንጓዴ ሆነ፤ ሙሽራው ማጠጫውን ትቶ እሷ ፊት ቆመ። የክንፉ ንፋስ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ሽበት ሲያርገበግበው አየሁ። ካሜራውን ማንሳት ረሳሁ። ከዚያ ቦታው ባዶ ሆነ።

አውቶቡሱ በራችን ላይ ቆሟል። ሾፌሩ «እሜቴ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ባሕሩ ሳይደርቅ ብንደርስ ምን ይመስልዎታል?» እያለ ይጣራል። አክስቴ ይጠብቅ አለች። ከሦስቱ አንዱን በካሜራው ማሳያ ላይ አውጥቼ ፊቷ አጠገብ ያዝኩላት፤ አንገቷን አዘነበለች፣ ግን ለእሷ ዓይን ትንሽ ነበር።

«አልታየኝም። ምን አለበት? ንገሪኝ።»

የፈለግኩትን ማለት እችል ነበር። ሾፌሩም እናቴም እየሰሙ ነው፣ ያለኝም የጎበዝ ፎቶ አንሺ ስም ብቻ ነው። 

«ክንፍ የለውም» አልኳት። «ክንፉ ጭስ ነው። ምንቃሩ ደብዝዟል፣ ሱሪው ከጉሙ ጋር ተቀላቅሏል። ዓይኑ ግን አለ፣ አንድ ነጥብ። ግራ ጭራው ይታያል። በቀኙ ምንም የለም።»

«እንዲህ ያለ ፎቶ ለሰው አሳይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ብሞት አላሳይም።»

«እንግዲያ እሱ ነው» አለችና ሻንጣዋን አነሳች። «ትልቅ አድርገሽ ላኪልኝ።»

በሳምንቱ በዚያው ሾፌር እጅ ላክሁላት። ዊልመር ደውሎ ወቀሰኝ፤ ሳሎኑ ውስጥ ጉም ተሰቅሎ እንግዳ ሁሉ ሥዕሉ ተበላሽቷል ወይ ይለኛል አለ። እናቱ ደግሞ እንግዳውን ሁሉ አንገቱን አስዘንብላ ታሳየዋለች።

ስኳሩን አሁን የምበጠብጠው እኔ ነኝ። ማለዳ ማጠጫዎቹን ከሰቀልኩ በኋላ በእሷ ወንበር ላይ እቀመጥና ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጉሙ ይገባል፣ ጉንጬን ነካ አድርጎ ያልፋል። ጓሮው ይንሾካሾካል፤ ብዙ ቀን ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። ትናንት ግን፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንዱ ሲዞር ያነከሰ መሰለኝ።