ላስቲክ የታሰረበት ምዕራፍ

"ይሄ ወንበር ተይዟል" አለ ወንድሟ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

"በማን?"

"በጃኬቴ።"

ልብስ ሰፊዋ ጃኬቱን አንስታ ጭኑ ላይ ወረወረችለትና ተቀመጠች። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። ወንድሟ እንደሚመጣ አላጣችውም፤ የዚህ ደራሲ የወንጀል ልቦለዶች ሁለቱም ጥርሳቸውን የነቀሉባቸው ናቸው። አባታቸው ከራት በኋላ ጮክ ብለው ሲያነቡላቸው፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ በላስቲክ ያስሩት ነበር። ሁሉም ገዳዩን ሳይገምት ላስቲኩ አይፈታም፤ የተሳሳተው ሰው ሳህን ያጥባል። መጨረሻውን ቀድሞ ማውራትማ በዚያ ቤት ከስርቆት የከፋ ነውር ነበር።

አባትየው ከሞቱ ወዲህ ግን እህትና ወንድም ዓይንና ናጫ ሆነዋል። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አባቱ ሲያጣጥሩ መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ "ቶሎ ሐኪም ቤት ብትወስጂው አባዬ አይሞትም ነበር!" ብሎ በሰው ፊት ጮኸባት። እሷም ተናዳ የአባታቸውን ቤት ቁልፍ አስቀየረች፤ እሱ ደግሞ ከሰሳት። ዛሬ የአዲሱን ቁልፍ ቅጂ በቦርሳዋ ይዛለች። ይቅርታ ባይላት እንኳ እንደ ድሮው "እትዬ" ካላት ልትሰጠው ነው።

ደራሲው ከአዲሱ መጽሐፉ አነበበ። አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኝቷል፤ ቤቱ ውስጥ የነበሩት የምታስታምመው ሴት ልጁና ሊጠይቀው የመጣው ወንድ ልጁ ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፈ።

"እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ማን ገደለው?"

ሹፌሩ ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ።

"አስታማሚዋ ናት! መድኃኒቱ በእጇ፣ በሩ በእጇ። ቁጭ ብላ ሲሞት አይታ ስታበቃ ቁልፍ ትቀይራለች።"

"ስለ ቁልፍ እንኳ አልጻፍኩም" ሲል ደራሲው አዳራሹ አውካካ።

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። "ወንድ ልጁ ነው!" ብላ ብድግ አለች። "ዓመቱን ሙሉ ዝር ሳይል አሁን ምን አመጣው? ያቺ ምስኪን ብትደውል ብትደውል ስልክ አያነሳም!"

"መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለም አልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ!"

ሴትዮ አላት። ተሸማቃ ተቀመጠች።

ደራሲው ምንም ሳይገባው አጨበጨበ። "እንዲህ ያለ አንባቢ አያሳጣኝ! ግን ሁለታችሁም ተሳስታችኋል።"

ሁለቱም መጽሐፉን ገዝተው ለፊርማ ተሰለፉ። ሹፌሩ ከኪሱ ላስቲክ አውጥቶ የመጨረሻውን ምዕራፍ ማሰር ጀመረ። ይህን ስታይ ጠጋ አለችው።

"አሁንም ታስራለህ?"

"ምን አገባሽ? ነገ ፍርድ ቤት እንገናኝ።"

የራሷን መጽሐፍ ከኋላ ገለጠችና እዚያው ቆማ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ማንም አልገደለውም። ሽማግሌው በሕመሙ ነው የሞተው። ማንም ሊያድነው አይችልም ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ይናገራል።"

ላስቲኩ ከሹፌሩ እጅ ወደቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ለምን ነገርሽኝ? ገና አላነበብኩትም እኮ፣ እትዬ!"

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሷ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣችና መጽሐፉ ላይ ጣለችለት።

"ተሳስተሃል" አለችው፣ ድምፅዋ ሳይለሰልስ። "መጥተህ ሳህን እጠብ።"