በአንድ ቦይ ሁለት እጅ

አባቷ ከሰዓት በኋላ እጃቸው እንደማይታዘዝላቸው ያወቀችው አብራቸው መሥራት በጀመረችበት ሰሞን ነው። ጠዋት ጠዋት ደህና ነበሩ። የጎልፉን ዱላ ሞርሳው ላይ ጥርቅም አድርገው አስረው፣ ሹሏን ብረት በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይዘው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲስቡ መስመር አይስቱም። ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ብረቷ ከቦዩ ትወጣና የዱላውን ፊት ትጭረዋለች። ያኔ ዱላውን ከሞርሳው ፈትተው በጨርቅ ይጠቀልሉና «ዛሬ ብርሃኑ ደከመ» ብለው ኮታቸውን ያነሳሉ። ብርሃኑ ምንም አልሆነም። በመስኮቱ ገብቶ ባንኮው ላይ እንደ ልቡ ተዘርግቷል።

ክፍሏ ከሜዳው ክበብ ጀርባ፣ ከልብስ መቀየሪያው ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ቤት ናት። የዘይትና የብረት ብናኝ ሽታዋ ሸሚዝ ላይ ከተጣበቀ በአንድ አጠባ አይለቅም። ለተጫዋቾቹ ዱላ የሚሸከሙት ካዲዎች አባቷን «አባ ሞረድ» ይሏቸዋል። የስማቸው ያህል ለምደውታል፤ በዚያ ካልተጠሩ ዘወር አይሉም።

የሚያድሱት ዌጅ የሚባለውን ዱላ ነው፤ ኳስን ከአሸዋና ከረጅም ሣር ውስጥ አንስቶ ቀዳዳው አጠገብ የሚያሳርፈውን። ፊቱ ላይ ቀጫጭን ቦዮች ተቀርጸውበታል። ቦዮቹ ሣሩንና እርጥበቱን ይውጡለትና ብረቱ ኳሷን ይነክሳል፤ ኳሷም እየተሽከረከረች ሄዳ ባረፈችበት ቀጥ ትላለች። አሸዋና ጠጠር ሲመላለስበት የቦዩ ጠርዝ ይዶለዱማል። ያኔ ኳሷ እንደ ሳሙና ታመልጣለች። አባ ሞረድ የዶለዶመውን ጠርዝ ይመልሳሉ። ታዲያ ብረት ተፍቆ ይቀንሳል እንጂ ተፍቆ አይጨምርም። ቦዩ ከተፈቀደለት ስፋት በፀጉር ያህል ካለፈ ዱላው ውድድር አይገባም፤ ገበያ ቢወጣም የሚያነሳው የለም። ስለዚህ እጅ በጣም ቀላል መሆን አለበት፤ ሲበዛ እንደ ማባበል።

ልጅቷ ሩቅ አገር ስለ ብረት ተምራ እዚያው ስትሠራ ነበር። ለእናቷ ቀብር መጣች፤ «ለጥቂት ጊዜ» አለች፤ ጥቂቱም ጊዜ አላልቅ አለ። ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ግማሽ ዕቃ እንደያዘ ተቀምጧል። እዚያ ሳለች እዚህ፣ እዚህ ስትሆን ደግሞ እዚያ የሆነ ነገር እያመለጣት ይመስላታል። ካዲዎቹ ይህን በየት በኩል እንዳዩባት እንጃ፣ ከአባቷ ጋር መሥራት በጀመረች በማግስቱ «መጣሁ ሄድኩ» የሚል ስም አወጡላት።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን ከመጀመሩ በፊት ወንበሩን ሁለቴ አስተካከለ። ተጫዋቾች ዱላቸው ተጭሮ እንደሚመለስ እየነገሩት ነው። እስካሁን በይሉኝታ ችሏል። ሌላ ቅሬታ ከመጣ ግን አባ ሞረድን ማሳረፍ፣ ዱላዎቹንም ማሽን ወዳለው ሱቅ መላክ ግድ ይሆንበታል። እሱ ፊት ለፊት ሊነግራቸው አይችልም፤ አፉ አይዞርለትም። እሷ ልጃቸው ናትና በዘዴ ትንገርለት። እሺ ብላ ወጣች።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ የነገውን ቱታቸውን እየተኮሱ ነበር። እናቷ ካረፉ ወዲህ ጧት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ያች ጠባብ ክፍል ብቻ ናት። ቅዳሜና እሁድ እስከ ቀትር ተኝተው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ታውቃለች። ያንን ክፍል ከወሰዱባቸው ሳምንቱን ሙሉ እሁድ ማድረግ ነው። በዘዴ ልትናገር አፏን ከፈተችና ካውያው እንዳያቃጥላቸው ነግራ ዘጋችው።

በማግስቱ አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ እሷ ቀረች። የተጠቀለለውን ዱላ ፈታች። ቦዮቹን ቀለም አጠጥታ በአጉሊ መነጽር አየቻቸው፤ የት የት እንደሳቱ ቀለሙ ያሳብቃል። በሹሏ ብረት እያቀናች፣ ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰች ማምሻ ላይ ጨረሰች። መልሳ እንደነበረው ጠቀለለችው። ከዚያ ቀን በኋላ ልማድ ሆነ።

አባቷ ጠዋት ጨርቁን ሲገልጡ ያዩትን ማመን አቃታቸው። ሐሙስ ቀን የጥርስ ሐኪሙን ዌጅ ይዘው መስኮቱ ጋ ጠሯት። የጥርስ ሐኪሙ የድሮ ጓደኛቸው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሜዳው ላይ ይነጋለታል፣ ሜዳው ላይ ይመሽለታል። ስለዚህ የሱን ዱላ ያህል ቶሎ የሚያልቅ፣ ቶሎ ቶሎም የሚታደስ የለም። አባቷ ዱላውን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው፣ «እስቲ እይው» አሏት። «ትናንት ክፉ ቀን መስሎኝ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው የሠራሁት። ግን ተመልከቺ፤ የልጅነቴ መስመር ነው።»

«ያምራል፣ አባባ» አለች።

«እናትሽ ብታየው» አሉና ሳይጨርሱት በፉጨት ወደ ሞርሳቸው ተመለሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። እህል ይቀምሱ ጀመር። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀቡ፤ ማንም ያልጠየቃቸውን ዱላ ከካዲዎች እየለመኑ ወሰዱ። ያገኙትን ሁሉ አቁመው እጃቸው እየተመለሰ እንደሆነ ይነግራሉ። የጥርስ ሐኪሙ ደጋግሞ ይመጣል፤ ሳይቀመጥ ይጀምራል።

«አባ ሞረድ፣ ዱላዬ እንደኔው ድድ ብቻ ቀርቷል። ጥርስ አብቅልለት።»

«ያንተ በሽተኞች ሲጮሁ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር» ይሉታል። «እኔ ጋ የተጋደመ ብረት እንኳን ጮሆ አያውቅም።»

አንድ የማታውቀው ነገር ግን ነበር። አባቷ ወደ ሥራ ሲሄዱ ጎህ እንደቀደደ ነው፤ እሷ የምትደርሰው ዘግይታ፣ አውቶቡሱ ሰው ሲቀልለት ነው። እሳቸው ከደረሱ በኋላ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት፣ ትናንት የተሠራውን ዱላ ሁሉ መልሰው ሞርሳ ላይ ያስሩና በየቦዩ አንድ አንድ ጊዜ ያልፉበታል። «የማለዳ እጅ» ይሉታል። ሥራውን ያስተማሯቸው ሰውዬ እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ የደከመ እጅ የሠራውን ያረፈ እጅ ይየው ይሉ ነበር። ለአባቷ ይህ ፊት እንደ መታጠብ ያለ ነገር ነው፤ የሚነገር አልመሰላቸውምና አልነገሯትም። እሷም የተጠቀለለ ሥራ ያለቀ ሥራ ነው ብላ አልጠየቀችም። እንዲህ ሆኖ አባት ይስባሉ፣ ልጅ ትደግማለች፣ አባት ይሠልሳሉ። ከአንዱ ቀጭን ቦይ፣ ሁለት ሰው ተፈራርቆ፣ እየተሳሰበ ብረት ይልጣል።

የጥርስ ሐኪሙ ኳስ ባረፈችበት ቀጥ ማለቷ በሜዳው ተወራ። አንድ ቀን ኳሷን ይዞ መጣ። ቆዳዋ ፀጉር አብቅሏል፤ የተላጠ ነገር ይመስላል። ዱላውን ምን ብታደርገው ነው ብሎ ሲጠይቅ አባቷ ከልባቸው ሳቁ። ልጅቷ ኳሷን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰቻት። ጠርዙን በጣም አስልቼው ይሆናል፣ ከእንግዲህ ቀለል ላድርግ ብላ አሰበች። የቦይ ስፋት መለኪያው መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሁሉን ነገር፣ የአውቶቡሱን ሰዓት ሳይቀር የምትጠራጠር ሴት፣ ያን ቀን አልተጠራጠረችም። አባቷ እየሳቁ ነበር፤ መለካት ሳቁን ማቋረጥ መሰላት።

የዓመቱ ውድድር ቀን ዱላዎቹን የሚፈትሽ መርማሪ ከውጭ መጣ። ከክበቡ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ጥቁር መለኪያውን በየዱላው ፊት ላይ እያሳረፈ ያልፋል። የጥርስ ሐኪሙ ዌጅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ ለካ። ከዚያ በትሕትና ወደ ጎን አስቀመጠው። ሌሎችም ተከተሉት፤ በጨርቅ እየተጠቀለሉ ያደሩት ሁሉ ማለት ይቻላል። ቦያቸው ከልክ ሰፍቷል፤ አይጫወቱባቸውም። ሰው ከበበ። አንዱ ተጫዋች «ምን ይደረግ፣ የሽማግሌ እጅ ነው» አለ፤ ቀስ ያለ መስሎት። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን አያት። ነግረሻቸው አልነበረም ወይ የሚል አስተያየት ነው።

አባቷ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከክፍላቸው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። መርማሪውን ድጋሚ እንዲለካ ለመኑት፤ ለካ፤ ያው ነው። ያኔ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

«እጄ ይስት ነበር፤ አልክድም» አሉ። «አሁን ግን ተሽሎታል። ሥራዬን አይታችኋል። ካላመናችሁኝ ልጄን ጠይቋት፤ ምስክሬ ናት።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዝም ብትል አባቷ በሰው ዱላ የሚጫወቱ፣ ድክመታቸውን የካዱ ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ። ብትናገር ደግሞ ያ እጅ ተመልሶ አያውቅም። የቱ እንደሚብስ ልትመዝን ሞከረችና አባቷ ዓይኗን እያዩ በፈገግታ ሲጠብቋት ሚዛኑ ጠፋባት።

«አባባ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ እደግመው ነበር» አለች።

«የቱን?»

«ሁሉንም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ።»

ፈገግታው ወዲያው አልሄደም፤ ያልተነገረው እንግዳ ይመስል ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ። «እኔ እኮ ጠዋት…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ያን ጊዜ ለሁለቱም ገባቸው። ከሰው ሁሉ ቀድመው፣ እኩል። የጥርስ ሐኪሙ ዱላውን ከጠረጴዛው አንስቶ አገላበጠው። «ጥርስ ቢሆን እሞላው ነበር» አለ። የሳቀ አልነበረም፤ እሱም እንዲሳቅለት አላለም።

አባ ሞረድ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተጠጉ። ድምፃቸው ሥራ እንደሚረከብ ሰው የረጋ ነበር።

«መጨረሻ ላይ የሚነካው የኔ እጅ ነው። ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ ያበላሸሁትን ስታቀና ነው የኖረችው፤ እሷን እንዳትነኩብኝ። ባንኮውን ለሷ ስጧት።»

እሷ እንዲህ አይደለም ልትል ስትል በእጃቸው አስቆሟት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ገና ጠዋት ነው።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። እሷ ይቅርታ ስትል እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማታቸውን እንጂ መቀበላቸውን ለማወቅ አይቻልም። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ ጠየቋት።

«ያ የሐሙሱስ?»

ይህን ባይጠይቋት ምንኛ በወደደች። አንዱን ቀን እንኳን ልትተውላቸው ትችል ነበር። ግን ከዚህ በኋላ የምትነግራቸውን ሁሉ እንደ ዱላ ወደ ብርሃን አዘንብለው እንደሚያዩት ታያት።

«ያም» አለች።

እሺ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ቃላቸውን አከበረላቸው። ልጅቷ «ለጊዜው» ብላ ባንኮውን ተረከበች። ካዲዎቹ መጣሁ ሄድኩ ማለቱን ተዉ፤ ምን እንደሚሏት ግን ገና አልወሰኑም። የጥርስ ሐኪሙ አዲስ ዌጅ ገዛ። አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ አባቷን ይጠይቃታል፤ ደህና ናቸው ትለዋለች፤ ቀልድ ሊጀምር ይልና ይተወዋል። እሷ ከሠራች ትለካለች፤ ለክታ ትሠራለች። የማለዳ እጅ የሚባለውን አንድ ቀን ሞክራው አልሆነላትም። ትናንት የሠራችውን ዛሬም የምትነካው ያው እሷ ናት፤ ያረፈ ሌላ እጅ የላትም።

አባቷ ቤት ዋሉ። ቱታው ተተኩሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቀለ። ስትወጣ ተኝተው፣ ስትመለስ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ያገኘችውን ወሬ ታወራላቸዋለች፤ ስለ ሥራ አይጠይቁም፣ እሷም አታነሳም።

አንድ ምሽት ስትገባ ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው። ካሮት እየከተፉ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው፣ ግራ እጃቸው ቀኙን ደግፎ። የተከተፈው ሳህን ውስጥ ሞልቷል። አንዱ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ አንዱ አውራ ጣት ያክላል፣ አንዱ ጭራሽ ሳይላጥ ገብቷል። ቢላዋውን አስቀምጠው ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

«ደህና ነው?» አሏት።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ደህና ነው ማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቢላዋው ደግሞ እጇ አጠገብ ነው።

«ተበላልጧል፣ አባባ።»

ሳህኑን ጎንበስ ብለው አዩት። «አውቃለሁ» አሉ። «ሳትደርሺበት ብዬ ነው ቶሎ የጨረስኩት።»

ምድጃውን ለኮሰች። ካሮቱን እንዳለ፣ አንዱንም ሳትመርጥ፣ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ቀጫጭኖቹ ቶሎ ፈረሱ፤ ወፍራሞቹ እስከ መጨረሻው እንደጠነከሩ ቀሩ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያልበሰለውን እያላመጡ፣ ሳህኑን ጨረሱት።