ዳገቱ ላይ የቆመ ጉም

ሚኒባሱ ከሪራ ወደ ሳነቴ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጉም ይዞት ከቆመ ቆይቷል። ሾፌሩ ዘይነዲን ወርዶ የመንገዱን ጠርዝ በእግሩ እየዳበሰ ጥቂት ሄደና ተመለሰ።

«ይሄ ሁሪ፣ ይሄ ጉም፣ የገዛ ጫማዬን አላሳይ አለኝ። በግራ በኩል ገደል ነው፤ አልነዳም።»

«ፈረንጅ ቀይ ቀበሮ ሊያይ ሲከፍልህ ትነዳ የለ!» አለች የማር ነጋዴዋ ዙሀይራ። «እኛን ስትጭን ነው ዓይንህ የሚደክመው?»

«ፈረንጅ መቼ እንዳንቺ መተላለፊያውን በጀሪካን ይዘጋብኛል!»

ሰው ሳቀ። እስከዳር ግን አልሳቀችም። የሮቤ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ደሎ መና ለአየር ጠባይ ሥልጠና ሄዳ ሳትጨርስ መመለሷ ነው። ማለዳ እህቷ ጸሎት ከጎባ ደውላ፣ «እማዬን ትንሽ አሟት ነው፤ ለማንኛውም ነይ» አለቻት። ለምን ድምፅሽ ተዘጋ ብትላት ጉንፋን ነው አለች። እስከዳርም ማመን ስለፈለገች አመነች።

ለዓመታት «እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናም ይሆናል» እያለች ሰሌዳው ላይ ቀስት ስታሰምር ኖራለች። ከደሎ መና በፊት፣ ሥልጠናው ሲጀመር በአጋርፋና በገሰራ እየዞረች የዝናብ መለኪያ ስትተክል ነገሩን በዓይኗ አየችው። ዛሬ ደግሞ ቀስቱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ ይሄ የእርስዎ ትምህርት አይደል? መቼ ነው የሚገፈፈው?» አላት ዘይነዲን።

መስኮቱን ከፍታ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ውጭ ሰደደችው። ከታች፣ ከሀረና ጫካ የሚመጣው ነፋስ ወደ ዳገቱ ገፋው። ይህ ነፋስ እስካልዞረ ድረስ ጉሙ ከዚህ አይነሳም፤ ቢዞርም ሲመሽ ነው። ይህን ግን ለሰው አልተናገረችም። ትንሽ ያማት እናት እስከ ማታ ትጠብቃለች ብላ ራሷን አጽናናች።

ስልኳ ጮኸ። የዕድራቸው ዳኛ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ነበሩ።

«እስኩዬ፣ የት ደረስሽ?»

«ጉም ይዞናል ጋሼ። እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና፣ ደህና።» ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅና ነፋስ የሚያርገበግበው ሸራ ይሰማል። «እንደው አንቺ የአየሩን ነገር ስለምታውቂ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይገፈፋል? ትደርሻለሽ ካልሽ እንጠብቅሻለን። ከዚያ በላይ ግን አይሆንልንም።»

ለታመመ ሰው ሰዓት አይቆረጥም። ልጅ ከመንገድ እስኪገባ ተብሎ በሰዓት የሚጠበቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌው መርዶውን ቤቷ ስትደርስ፣ በወገን መሃል ሊያረዷት አስበው ነበር፤ ሰዓቱ ግን ከአፋቸው አመለጠ።

ይገፈፋል ብትላቸው ያምኗታል። ሬሳው ይጠብቃል፣ ሕዝቡም ብርድ ላይ ይቆማል። እሷ ግን አትደርስም።

«አይገፈፍም ጋሼ። ነፋሱ ከታች ነው።» ድምጿ ተማሪ ፊት የቆመች አስመሰላት። «አትጠብቁኝ። ቅበሯት።»

«ማን ነገረሽ የኔ ልጅ?» አሉ።

«ሰዓቱ።»

ደረቷን ልትመታ ክንዷን ብታነሳ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ያዛት፤ ቆማ እንዳታለቅስ ጣራው ዝቅ ያለ ነው። ዙሀይራ ጀሪካኖቹን ተሻግራ መጣችና ራሷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። «ኢናሊላሂ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ዘይነዲን ቴፑን ዘጋ።

እንዲህ እንዳሉ ዘይነዲን በመስታወቱ አንጋጦ፣ «ቲቸር፣ ሳሳ መሰለኝ። እንሞክረው?» አለና ሞተሩን አስነሳ።

እስከዳር ቀና አለች። እውነትም የአንድ አስታ ዛፍ ጥላ ብቅ ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው። አሁን ቢገፈፍ፣ ያለ እኔ ቅበሯት ያለችው በከንቱ ነው። «እባክህ አትግፈፈው» አለች በልቧ፤ «እባክህ አምላኬ።»

ዛፉ ተመልሶ ጠፋ። ዘይነዲን ሞተሩን አጠፋ። እስከዳር ተመስገን አለች፤ ስለ ምን እንዳመሰገነች ሲገባት ግን ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመረችው።