በማን ትእዛዝ

በጥርስ ክሊኒኩ መግቢያ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ስድስት ዓመት የተቀመጠችውን ሴት ታካሚዎቹ በስሟ አያውቋትም። «እትዬ ይቆዩ» ነበር የሚሏት። ቀኑን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነዋ፤ «ትንሽ ይቆዩ፣ አሁን ይጠራሉ።» መጀመሪያ ላይ ስሙ ያስቃት ነበር። በኋላ ግን ያንገበግባት ጀመር፤ ሰዎቹን የምታስቆያቸው እሷ አልነበረችማ።

የሚያስቆያቸው ሥራ አስኪያጁ ነው። የሚያውቀው ሰው በመጣ ቁጥር ከቢሮው ብቅ ይልና ጠረጴዛዋን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «እሱን አስቀድሚው» ይላል። ተራ የያዙት ማጉረምረም ሲጀምሩ እሱ በሩን ዘግቶ ገብቷል። ስድቡን የምትውጠው እሷ ናት።

አንድ ማክሰኞ፣ ጉንጩ እንደ ኳስ ያበጠ ሕፃን የታቀፈች እናት በሩ ሳይከፈት መጥታ ተቀምጣ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሰው አከታትሎ አስቀደመ። ሦስተኛው ጥርሱን ሊያስነጣ የመጣ ጓደኛው ነበር። እናትየው ብድግ ብላ «አንቺ ልጅ ወልደሽ አታውቂም?» ብላ ጮኸችባት። ተቀባይዋ ራሷ የሁለት ሴት ልጆች እናት ናት። ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ እውነቱን ይናገርልኛል ብላ ቀና አለች። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ «ይቅርታ እህቴ፤ ይህቺ ሠራተኛችን ወረፋ እያምታታች አስቸግራናለች። እርምጃ እንወስዳለን» አለ።

በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት። ተቀብላ ፈረመች። በሆዷ ግን «ቆይ ብቻ» አለች።

በዚያው ሳምንት የድረ ገጽ ሥራ መማር ጀመረች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው በወር ሁለቴ ቢሆን ነው። አንድ ቀን ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞላት መጣ፤ አንዷ ፊደል ካልደበደቧት አትጽፍም። ጠረጴዛው በልጆቹ ደብተርና በአሻንጉሊት ስለተያዘ፣ ልጆቹ ሳይነሱ በፊት ላፕቶፑን የልብስ መተኮሻው ጣውላ ላይ ዘርግታ ቆማ ትማራለች። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ እምቢ ብሏት ስታለቅስ፣ ጥፋቱ የአንዲት ነጥብ መጉደል ሆኖ ተገኘ። ትልቋ ልጇ የቃላት ወረቀት እየያዘች ትጠይቃታለች፤ ስትሳሳት «እማዬ፣ አላጠናሽም!» ትላታለች። ትንሿ ደግሞ ከትምህርት ቤት የምታመጣትን ጎረቤት «እማዬ» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን እናቷ ፊት አምልጧት አለች። ለዚህም ጥፋተኛው ያ ሥራ አስኪያጅ ነው አለች እናት በልቧ። ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች። ነገር ግን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ቂሟ ነበርና ልትለቀው አልፈለገችም።

በምሳ ሰዓት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ፣ በጓንት ካርቶኖች መሃል ስታጠና ሥራ አስኪያጁ ደረሰባት። ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ድረ ገጽ? አንቺ? መጀመሪያ ወረፋሽን አስተካክዪ!» አለ። ነርሶቹ ፊትም ደገመው። ሳቁ። ከሁሉ ያቃጠላት አብራ መሳቋ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀባት። ከዚያ አንድ ትንሽ የድረ ገጽ ድርጅት በሙከራ ወሰዳት፤ ሙከራውን አልፋ ቀጠሯት። ዓመት እንኳ ሳይሞላት የክሊኒኩ ባለቤት፣ ዶክተሯ፣ የቀጠሮና የወረፋ ሥርዓት ይሠራልን ብላ እዚያው ድርጅት መጣች። አዲሱ አለቃዋ «ቤቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሥራው ያንቺ ነው» አላት።

ያን ቀን ብዙ ክፉ ነገር አሰበች። የሥራ አስኪያጁን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ ገልብጣ ልታወጣው፣ የይለፍ ቃሉን ልትቆልፍበት። ሁሉንም ተወችው። እሷ የፈለገችው በገዛ እጁ እንዲያዝ ነበር።

ስለ ሥራው ክሊኒኩ ውስጥ በተደረገው ስብሰባ ላይ ዶክተሯ፣ «የታካሚው እሮሮ መቼም አላልቅ ብሏል። ወረፋውን የሚያምታታው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«እንግዳ ተቀባዮቹ ናቸዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ እሷን በዓይኑ እየወጋ። «ድሮም እንዲሁ ነበሩ።»

እሷ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «እንግዲያው ቀላል ነው» አለች። «ተቀባዮቹ ተራ መቀየር አይችሉም። የሚችሉት ዶክተርና ሥራ አስኪያጁ ብቻ፣ በየራሳቸው የይለፍ ቃል። ተራ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ በማን ትእዛዝ እንደተቀየረ መጠበቂያው ክፍል ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል።»

«ግሩም ነው!» አለች ዶክተሯ፤ ወደ እሱ ዞራ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ምን ይበል? «ጥሩ ነው» አለ።

አራት ቀን ቻለ። በአምስተኛው ቀን እሷ ሥርዓቱን ልትፈትሽ መጥታ መጠበቂያው ክፍል ጥግ ተቀምጣለች። አንድ ከረባት ያሰረ ወፍራም ሰው ገብቶ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብሎ «እሱን አስቀድሚው» ሲል፣ አዲሷ ተቀባይ «ጋሼ፣ የእኔ የይለፍ ቃል ተራ አይቀይርም» ስትል ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኙን አየ፤ ማን ያነበዋል ብሎ ይሆናል፣ ጎንበስ ብሎ የይለፍ ቃሉን መታ።

ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «ተራ ቁጥር 14 ወደ 3 ተዛውሯል። በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ።»

መንጋጋቸውን በእጃቸው የደገፉ አዛውንት ጮክ ብለው አነበቡት። «ሥራ አስኪያጅ የሚባለው የታለ?» ክፍሉ ተነሳ። እሱም እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ፤ «ይቅርታ፣ ይህቺ ሠራተኛችን...»

«ኧረ ስክሪኑ አንተን ነው የሚለው!» አሉት።

ዶክተሯ ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች። አነበበችና፣ «ይሄ ስንተኛው ነው?» አለች። ተቀባይዋ አቀረቀረች። ከጥግ የተቀመጠችው ግን ተነሳች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር፣ ዶክተር። ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «እህቴ» አላት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። «ስክሪኑ ላይ የምትወጣውን ያቺን መስመር ብታጠፊልኝ። ልጆች አሉኝ እኮ።»

«እኔም አሉኝ» አለችው። «መስመሩ እንዲጠፋ የሚያዙት ዶክተሯ ናቸው። እሳቸውን ይጠይቁ።» ላፕቶፗን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ አለፈችው።

ወር ሳይሞላ ሰውዬው ከክሊኒኩ ተሰናበተ። ባሏ ወሬውን በስልክ ሰምቶ፣ «እንግዲህ በቃሽ፤ አሁንማ ይቅር በይው» አላት።

«ገና አልጠገብኩም» አለችው።

ባሏ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ስልኩን ዘግታ ልጆቿን ራሷ ልታመጣ ወጣች፤ መንገዱን ሙሉ ያን ሰው እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ስክሪኑ ሥር ሲቆም እያሰበች፣ እያጣጣመች።