ደሴቱ ጋ ሳንደርስ

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ እነግራታለሁ ብሎ ነበር፣ ሦስተኛው ጥምዝ ይኸው አለፈ፣ አራተኛውም መጣ፣ አውቶቡሱ ገደሉን ታክኮ ሲዞር ሰዉ ሁሉ ወዲህ ያጋድላል ወዲያ ያጋድላል፣ እሱ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጦ እሷን ከኋላዋ ያያታል፣ ሁለት ወንበር ፊት፣ በመስኮቱ በኩል፣ አረንጓዴ ሻሽ፣ ከሻሹ ያመለጠ ሽበት፣ አሁን ተነስቶ ቢሄድ፣ አሁን ቢነሳ መንገዱ ይዘርረዋል፣ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ በሰባ አንድ ዓመቱ ሰው አውቶቡስ ወለል ላይ ተዘርሮ አብረን እንኑር አይልም። ጥምዙ ይለፍ። ሜዳው ላይ።

የት አለና ሜዳ። ተራራ በተራራ ላይ ነው፣ አንዱን አለፍነው ሲሉ ሌላው ከኋላው ብቅ ይላል፣ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ኋላ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ኋላ ስሙን የማያውቀው ቀለም፣ አርባ ዓመት ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ይህን ቀለም አላየም፣ የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች ቢያዩት ያብዱ ነበር፣ ልቡ እንደ ልጅ ልብ ትዘላለች፣ በተራራው ይሁን በእሷ አይለየውም፣ ሁለቱም ባንድ ቀን ነው የመጡበት።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ በስተግራችሁ ተመልከቱልኝ፣ ትላለች አስጎብኚዋ በማይኩ፣ ለግላጋ ልጅ፣ ድምፅዋ እንደ ፉጨት የቀጠነ፣ ደመናው ከእኛ በታች ነው ያለው። እውነትም ከታች። ደመና በላዩ ሲሄድ እንጂ በታቹ ሲተኛ አይቶ አያውቅም፣ ሸለቆው ሙሉ ነጭ ነው፣ ጥጥ፣ የለም ጥጥ አይደለም፣ ማሽን ሥር የሚቀረው የጥጥ ብናኝ፣ እጁ መጥረጊያ ይፈልጋል፣ እጅ ጡረታ አይወጣ።

አየህ ዘይቱ፣ እዚህ ብትወድቅ መሬት እስክትደርስ የሁለት ወር ጡረታ ያልፍሃል፣ ይላል አጠገቡ የተቀመጠው፣ የፋብሪካው ዘበኛ የነበረው፣ አፉ አርፎ የማያውቅ። ዘይቱ ማለት እሱ ነው። ማሽን ዘይት የሚያጠጣ ነበርና ዘይቱ ሆኖ ቀረ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው መዝገብ ቤት ብቻ ነው። ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም፣ ሰው የሚያወራለትም እንደማይመልስ ስለሚያውቅ ነው።

ዛሬ ግን መናገር አለበት። ጠዋት የፋብሪካው ጡረተኞች ሲሳፈሩ አስጎብኚዋ ወረቀት አድላለች፣ ፊደሉን አያውቅም፣ ስዕሉን ግን ያውቃል፣ አራት ስዕል ነው፣ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ጀልባ፣ ደሴት። ከደሴት በኋላ ስዕል የለም። ከደሴት በኋላ ቤት ነው፣ ነገ ጠዋት የባለ አረንጓዴ ሻሿ ልጅ መኪና ይዛ ትመጣና እናቷን ጠቅልላ ወደምትኖርበት ከተማ ትወስዳታለች፣ ሻንጣው ታስሯል፣ አልጋው ለጎረቤት ተሰጥቷል፣ የስፌት መኪናዋ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ በር ሥር ቆማለች፣ በዓይኑ በብረቱ አይቷል።

ያቺ የስፌት መኪና። ስድስት ዓመት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ በየቅዳሜው ዘይት ሊያጠጣት ይሄዳል፣ ሁለት ቤት አልፎ፣ ጣሳውን በጨርቅ ይዞ፣ እንዲህ ያለች መኪና በዓመት አንዴ ይበቃታል፣ እሱ ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ አንተ ዘይት፣ ይቺ መኪና እኮ ሰከረች፣ ስሰፋ ጨርቁ እያዳለጠኝ ነው ትለዋለች፣ እሱ አዎ ይላል፣ ሻይ ትቀዳለታለች፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሻዩን እየቀዳች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ልጅቷ ነይ ነይ እያለች ነጋ ጠባ ትጨቀጭቀኛለች፣ እሺ አልኳት፣ ምን ላድርግ፣ አትሂጂ የሚለኝ ሰው የለ፣ አለችው። ሻዩ ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። አዎ አላት። አዎ! ምላስህ ይቆረጥ፣ አትሂጂ የሚለኝ የለም ላለች ሴት አዎ ይባላል? ሳምንቱን ሙሉ ራሱን ሲረግም ከረመ።

አሁን ትዞራለች። አስጎብኚዋ የተራራውን ከፍታ በሜትር እየነገረች ነው፣ ከዚያ የጎረቤቱን ተራራ፣ ከዚያ የሱን ጎረቤት፣ እሷ በወንበሮቹ መሀል ዘወር ብላ ታየዋለች፣ እጇን አንስታ ሁለት ጣቷን ታጋጥምና ወደታች ትጎትታለች። ማሽኑን አቁመው። ሳቁ ያመልጠዋል፣ ብቻውን፣ ሃ! ብሎ፣ ሰው ሁሉ ይዞራል፣ ምነው አመመህ እንዴ ይላል ዘበኛው። ሽመና ክፍል ሁለት መቶ ማሽን ባንዴ ሲወቅጥ ሰው የገዛ ሳሉን አይሰማም፣ ወሬው በእጅ ነበር፣ ክር ተበጠሰ እንዲህ፣ አለቃ መጣ እንዲህ፣ የሻይ ሰዓት ደረሰ እንዲህ፣ እሷ የተበጠሰ ክር ቋጣሪ ነበረች፣ ከዚያኛው ጥግ እጇ ብድግ ሲል እሱ ዘይቱን ይዞ ይደርሳል፣ ባለትዳር ነበረች፣ ባለትዳር ነበር፣ ምንም አልነበረም፣ እጅ ብቻ። በእጅ ሲሆን እሱ ወሬኛ ነው። ታዲያ ለምን በእጅ አይነግራትም፣ አሁኑኑ፣ እዚሁ ተቀምጦ፣ ጣቶቹን ያነሳል፣ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ የለም፣ ፋብሪካው ለዚህ ነገር ምልክት አላወጣም። ለአለቃ አውጥቷል፣ ለሽንት ቤት አውጥቷል፣ ለዚህ የለም። ቢኖርስ፣ የአውቶቡሱ ግማሽ ሽመና ክፍል ነው፣ እንደ ጋዜጣ ያነቡታል።

ውረዱ ውረዱ፣ ቀስ እያላችሁ አባቶቼ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ፏፏቴው! ከተራራው አናት ራሱን ይለቃል፣ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ እንደወረወረው ጥቅል ጨርቅ፣ አያልቅም፣ ማን ይቆርጠዋል፣ ማንስ ያጥፈዋል፣ ካፊያው ፊቱን ይመታዋል፣ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ይህ ሁሉ እዚህ ሲፈስ እኔ የት ነበርኩ፣ ዘይት ስቀባ፣ እሷ መጥታ አጠገቡ ትቆማለች፣ ብቻዋን፣ ሻሿ ረጥቧል፣ ቅንድቧ ላይ ጠብታ፣ አሁን፣ አሁን ነው፣ ንግግሩን ሳምንቱን ሙሉ አበጅቶታል፣ አትሂጂ፣ ሁለታችንም ብቻችንን ነን፣ አብረን እንኑር፣ ጠዋት ሻይ እኔ አፈላለሁ፣ ጣሪያዬ አያፈስም፣ የእሷ ጣሪያ ያፈሳልና፣ ጣሪያውን ማስቀደም ይሻል ይሆን፣ ወይስ ሻዩን፣ አየኸው? ትለዋለች። አዎ። ደስ አይልም? አዎ። ተጠጉ ተጠጉ፣ ፎቶ፣ ይላል ዘበኛው ከመሀላቸው ዘው ብሎ፣ ክንዱን በሁለቱም ትከሻ ላይ ጥሎ፣ አስጎብኚዋ ስልኩን ታነሳለች፣ ሳቁልኝ፣ አንድ ሁለት፣ እሱ አይስቅም። ሁለት ስዕል አለቀ። ሁለት ቀረ።

ከተራራው ሲወርዱ ጆሮው ይደፈናል፣ ይከፈታል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ከዚያ ሐይቁ፣ ባንዴ፣ መጋረጃ እንደገለጡለት፣ ወይ ጉድ ይላል ሰዉ ሁሉ፣ ደሴቶቹ ውሃ ውስጥ የተኙ ጎሾች ይመስላሉ፣ ጀርባቸው ብቻ ብቅ ያለ፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠነኛውን ሲቆጥር አውቶቡሱ ይታጠፋል። ወደቡ ላይ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያለብሷቸዋል፣ አባባ እጅዎን ያንሱልኝ፣ ትላለች አስጎብኚዋ፣ ገመዱን ደረቱ ላይ እየሳበች፣ ልብዎ እንዴት ነው የሚመታው በሞቴ፣ ውሃ ይፈራሉ እንዴ? አይ ልጄ፣ ይላል። ውሃ አይደለም።

ጀልባው ላይ የተመደበ ወንበር የለም፣ ያገኘ ይቀመጣል፣ እሱ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ይቀመጣል፣ እግሩ ራሱ ነው የወሰደው፣ እሷ ጥላዋን አጥፋ ሰውን እየረገጠች፣ ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ትመጣለች። ጠጋ በል አንተ ዘይት፣ ብሰምጥ የምይዘው ይኑረኝ፣ ዘይት ይንሳፈፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይጠጋል። ትከሻዋ ትከሻው ላይ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ደግ ሞተር አይደለም፣ ጩኸቱ እንደ ሽመና ክፍል ነው፣ አንዱ ጎኑ ዘይት ተጠምቷል፣ በአጥንቱ ይሰማዋል፣ ተው አሁን፣ ሞተሩን ለባለቤቱ ተወው፣ ውሃው ለሁለት እየተቀደደ ነው፣ ነፋሱ ሻሿን ያውለበልባል፣ ደሴቱ እያደገች ትመጣለች፣ ዛፏ ተለየ፣ ድንጋይዋ ተለየ፣ ደሴቱ ጋ ሳንደርስ፣ ደሴቱ ጋ ሳንደርስ፣ ይህ ጩኸት አገሩ ነው፣ እዚህ ጩኸት ውስጥ ነው ከእሷ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የኖረው፣ ማንም አይሰማም፣ ማንም፣ ከእሷ በቀር።

አትሂጂ፣ ይላል።

እጇን ከጆሮዋ ኋላ ታደርጋለች። ምን?

አትሂጂ!

ምን አልክ? አልሰማሁህም፣ ጮክ በል!

አየር ይስባል፣ እንደዚያን ጊዜ፣ ማሽን እጅ ሊበላ ሲል ብቻ እንደሚጮኸው፣ ከሆዱ፣ ከእግሩ ጥፍር፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አትሂጂ አብረን እንኑር፣ አብረን ላይ ሞተሩ ይሳላል፣ እንኑር ላይ ይጠፋል፣ ቃሉ ግን አንዴ ከተለቀቀ ማን ይመልሰዋል፣ ጣሪያዬ አያፈስም!

ዝም።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። ከሸምበቆው ውስጥ ወፎች ግር ብለው ይነሳሉ፣ ነጭ፣ መቶ፣ አንድ ሺህ፣ ማዶ ያለው ገደል ደግሞ ይቀበለዋል፣ አያፈስም፣ አያፈስም ይላል፣ ዓይኑን ሲገልጥ አርባ ራስ ወደሱ ዞሯል፣ አስጎብኚዋ ክንዷን ዘርግታ ቀርታለች፣ እኔ፣ እኔ ወፎቹን እንድትሰሙ ብዬ ነበር ያስጠፋሁት፣ ትላለች። ሠላሳ ዓመት በር ስጠብቅ፣ ይላል ዘበኛው ከፊት፣ እንዲህ ያለ ነገር አጠገቤ ሲያልፍ እንዴት ሳልፈትሸው ቀረሁ! ጀልባው በሳቅ ይናወጣል፣ አንዷ እልል ልትል ብላ አፏን ትይዛለች፣ አይታወቅማ፣ ገና አልተመለሰለትም፣ እሷ ሻሿን ታጠብቃለች፣ ውሃውን ታያለች፣ አንገቷ ቀልቷል፣ ሞተሩ ይነሳል።

ደሴቱ ላይ ቀድማ ትወርዳለች፣ እጇን ለጀልባ ነጂው ትሰጣለች፣ ለሱ አትሰጥም፣ ሽቅብ የሚወስድ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ትወጣዋለች፣ ዘወር አትል፣ እሱ ከኋላ፣ ምን አደረግኩ፣ ሰው ፊት አዋረድኳት፣ ስድስት ዓመት ያልተነፈሰ ሰው ቢተነፍስ ሐይቅ ሙሉ ሰው ሰማው፣ ጣሪያ ብሎ ነገር ምንድነው፣ ሴት በጣሪያ ትለመናለች? ግን ወጣ። ከውስጤ ወጣ። እግሩ ቀሏል፣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለቱን ይወጣል፣ ደረቱ እሳት ነው፣ ይሁን፣ እምቢ ብትለው እንኳ እምቢታው የራሱ ነው፣ ጠይቆ ያገኘው፣ አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትላለች አስጎብኚዋ ከኋላ ደርሳ፣ ሞተሩን እኮ እኔ ነኝ፣ ደግ አደረግሽ ልጄ፣ እንኳን አስጠፋሽው፣ ይላታል፣ ራሱን ይገርመዋል፣ ዛሬስ ቧንቧው ተፈቷል።

አናቱ ላይ ዛፍ አለ፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው፣ ከሥሩ ሲቆሙ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ነው፣ ከውሃው ማዶ የመጡባቸው ተራሮች፣ ያ ስም የለሽ ቀለም፣ ሌሎቹ አስጎብኚዋን ተከትለው የወፍ ጎጆ ሊያዩ ይሄዳሉ፣ ዘበኛው ሊቀር ሲል አንዷ ጎትታ ትወስደዋለች። እሷ ሥሩ ላይ ተቀምጣለች። አያያትም፣ ያያታል፣ እሷ አጠገቧ ያለውን ቅጠል በመዳፏ ትጠርጋለች፣ የአንድ ሰው መቀመጫ ያህል። ይቀመጣል። ከቦርሳዋ ብርቱካን ታወጣለች፣ ትልጣለች፣ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ እንደ ክር፣ ቸኩላ አታውቅም፣ ለሁለት ትከፍለውና ግማሹን እጁ ላይ ታኖርለታለች፣ የራሷን ትበላለች፣ ፍሬውን ትተፋለች፣ አፏን ትጠርጋለች፣ ወፎቹ ተመልሰው ሸምበቆው ላይ ያርፋሉ፣ ልቡ ከሞተሩ በላይ ትጮኻለች፣ ተናገሪ እንጂ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ዝም ይላል፣ ወይ ጉድ፣ ዝም ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ እንዲህ ነው ለካ፣ ስድስት ዓመት እንዴት ቻለችው።

ነገ ጠዋት ልጄ ስትመጣ፣ ትላለች ውሃውን እያየች፣ በሩ ላይ ቆመህ አንተው ትነግራታለህ፣ እኔ አልደፍራትም፤ አሁን ብርቱካኑን ብላ፣ በእጅህ ጨምቀህ ጨረስከው።