ቀይ ክር በጠርሙሱ አንገት

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። በቤቱ ኢንተርኔት የማይቆራረጠው ደግሞ እሱ በሚሰፋበት ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናው ተፈናቅሎ፣ ያልተዘመዘመ ሱሪ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ከበሩ ውጭ ተቀመጠ።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ብለሻል" አላት። "ደንበኛዬ ቢመጣ 'መኪናዬን ምሁር ወረሰችው' እለዋለሁ።"

"አባዬ፣ በሩን ዝጋልኝ።"

"ክሬን ጨረሰች፤ አሁን ደግሞ በሬን ታዘጋለች" እያለ ዘጋው።

የላቦራቶሪ ጓደኞቿ "ጠብታ" ይሏታል፤ ከመለኪያው አንዲት ጠብታ ብታልፍ ሁሉን ደፍታ ከሀ ስለምትጀምር። የኬሚካል ምህንድስና ማስተርሷን ስትሠራ ሁለት ዓመት የደከመችው በአንድ ነገር ነው፦ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ክሮሚየም የሚባለውን መርዝ በኦቾሎኒ ቅርፊት ከሰል ማጣራት። ዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ጉባኤ ነው፤ ሁሉም ከየቤቱ በስክሪን ተገናኝቷል። አንደኛ ለወጣው የዶክትሬት ትምህርት ቦታ ይሰጠዋል። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ለከርሞም እንደማይኖር ተነግሯል።

መስመር ተቋርጦ ማንም እንዳይበደል ንግግሩ ቀድሞ ተቀርጾ ይላካል። በዕለቱ ቅጂው አሥር ደቂቃ ይታያል፤ ተናጋሪው ማይኩን ዘግቶ የገዛ ራሱን ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ ለዳኞች ጥያቄ አምስት ደቂቃ አለ።

ተራዋ ደረሰ። የተቀረጸችው ጠብታ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ጀመረች። ሕያዋ ጠብታ ከስፌት መኪናው ጀርባ እጇን በጉልበቶቿ መካከል ቀብራ ታያት ነበር። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የተቀረጸችው ፈገግ አለች።

"ከሰሉን በአሲድ ስናጥበው የማጣራት አቅሙ ከሰባ ወደ ዘጠና ሰባት በመቶ ዘለለ።"

የመጨረሻው ጠርሙስ ፎቶ ስክሪኑን ሞላው። ኩልል ያለ ውሃ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር።

ሕያዋ ጠብታ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

ክሩ ከዚሁ ክፍል የሄደ ነው። የላቦራቶሪው መሣሪያ በሊትር ከሁለት ሚሊግራም በላይ ማንበብ አይችልም። ከበድ ያለውን ናሙና አሥር እጥፍ በውሃ ታቀጥናለች፤ በቀጠነው ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ክር ታስራለች፤ የተነበበውንም ቁጥር መልሳ በአሥር ታባዛለች። ክር ያለው ይባዛል፤ ክር የሌለው አይባዛም።

ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። አንድ ነጥብ አራት። ከጎኑ ምንም የለም። አላባዛችውም።

ሲባዛ አሥራ አራት ነው። ከገባው ሃምሳ ሚሊግራም አሥራ አራቱ ካለፈ የተጣራው ሰባ ሁለት በመቶ ብቻ ነው። አሲዱ ጠብ ያደረገው ነገር የለም ማለት ነው። ወይስ ክሩ በስህተት ታስሮ ይሆን? ስልኳን አንስታ ለላቦራቶሪው ባለሙያ ደወለችለት።

"ጋሼ፣ ያለፈው ወር የመጨረሻው ናሙና አለ?"

"ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ሁለት ጠርሙስ፤ አንዱ ባለ ክር፣ አንዱ ራቁቱን።"

"ራቁቱን ይለኩልኝ። አሁኑኑ። አንድ ነጥብ አራት ካለ ተርፌያለሁ።"

"ጉባኤ ላይ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ፣ ጋሼ። ቶሎ ይበሉልኝ።"

በሌላው እጇ ለአማካሪዋ ጻፈች፦ "መምህር፣ 97 አይደለም፤ 72 ሳይሆን አይቀርም። ማባዛት ረስቻለሁ።"

መልሱ ወዲያው መጣ። "እርግጠኛ ካልሆንሽ አትናገሪ። ከጉባኤው በኋላ በጽሑፍ እናርማለን። ዳኞቹ ወደውሻል።"

ስምንተኛ ደቂቃ። ዘጠነኛ። በስልኩ ውስጥ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል።

"ቀለም አውጪውን ዱቄት ጨመርኩበት" አለ ባለሙያው። "ቀላ... ቆይ... ኧረ ጠቆረ!" መሣሪያው ሲጮኽ እሷም ሰማችው። "ከመጠን በላይ ነው ይላል፣ ልጄ። ምን ልጻፍ?"

"መሣሪያው ያለውን ይጻፉ።"

"አመሰግናለሁ" አለች የተቀረጸችው ጠብታ፤ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይህ ከአፏ ከወጣ ሳምንት አልፎታል፤ አፋፉ ላይ የደረሰችው ግን ገና አሁን ነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ ከዳኞቹ አንዱ፣ የቆዳ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። "ግሩም ሥራ ነው" አለ። "በእኛ ገንዳ ልክ ብንሠራው፣ በቀን ምን ያህል አሲድ ያስፈልገናል?"

ጠብታ ቀና ብላ ተናገረች። ዘጠና ሰባቱ ስህተት መሆኑን፣ ሰባ ሁለት መሆኑን፣ አሲዱ ምንም እንዳልረዳ፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንደሆነ። ሁሉን ተናግራ ጨረሰች።

በስክሪኑ ላይ ያሉት ሁሉ ዝም ብለው ያዩዋታል።

"ማይክሽ ዝግ ነው" አለች መድረክ መሪዋ። "ምንም አልሰማንም። ድገሚው እስቲ።"

የአማካሪዋ መልእክት ገና ከስክሪኑ ጥግ አልጠፋም፦ ከጉባኤው በኋላ። መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ደግኖ ቁጥር ይጠብቃል። አንድ ቁጥር ብትሰጠው ይጽፈዋል፤ ነገ አሲድ ያዝዛል፤ ከነገ ወዲያ ውሃው ወደ ወንዝ ይወርዳል። ድፍረቷን ደግሞ በዝግ ማይክ ጨርሳዋለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ከበደ።

ተጫነችው።

"ምንም አያስፈልግም" አለች። ድምፅዋ ከመጀመሪያው አነሰ። "አሲዱ አልሠራም። ዘጠና ሰባት ያልኩት ሰባ ሁለት ነው። የቀጠነ ናሙና በአሥር ማባዛት ረስቻለሁ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ቅጂው ሲታይ። አሁን ደግሞ አስለክቼ አረጋገጥኩ።"

ማይኩን መዝጋት የረሳ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዘጋ። መሐንዲሱ ከቅጂው የጻፈውን ዘጠና ሰባት ሰርዞ "ጥሩ፤ አሲድ አላዝዝም" አለና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ከአምስቱ ደቂቃ ሦስቱ ተረፉ።

ቦታውን ሌላ ተማሪ ወሰደው። ስሙ ሲጠራ ጠብታም ከሁሉ ጋር አጨበጨበች፤ ማይኳ ግን ዝግ ነበር። ከአማካሪዋ አንድ መልእክት መጣ፦ "ነገ ጠዋት ላቦራቶሪ። ከአንደኛው ጠርሙስ እንጀምራለን።"

በሩን ከፈተች። አባቷ ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው።

"አመለጠሽ?"

"አመለጠኝ።"

ሱሪውን ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ተቀመጠ፤ ግን አልሰፋም።

"አባዬ፣ ክር ስጠኝ።"

"ቀዩን?"

"ቀዩን። አሁን በዛ አድርገው።"

መቀሱን አነሳና ጥቂት አሰበ። ከዚያ ሳይቆርጥ ማጠንጠኛውን እንዳለ አቀበላት።