ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

በቀርሜሎስ ተራራ ወገብ ላይ ባለው የማሠልጠኛ አዳራሽ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ሠላሳ ስምንት ርእሳነ መምህራን፣ ምክትሎችና የወረዳ ኃላፊዎች ስማቸውን በቢጫ ወረቀት ጽፈው ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። በመስኮቱ ቁልቁል የወደቡ ክሬኖች ዕቃ ሲያወርዱ ይታያሉ። እዚያ ታች በፈረቃ የሚሠሩት ሰዎች ልጆች ዕጣ በእነዚህ ሠላሳ ስምንት ሰዎች እጅ ነው፤ ከሠላሳ ስምንቱ መካከል ደግሞ አማርኛ የምታውቀው ውበቴ ብቻ ናት።

ውበቴ አሥራ አንድ ዓመት ምክትል ሆና ሠርታለች። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ርእሳነ መምህራን መጥተው ሄደዋል፤ ሦስቱንም ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ያሳየቻቸው እሷ ነበረች። አሁን ነሸር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አጥቶ ማስታወቂያ አውጥቷል። አመልክታለች። የቀራት የአንድ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው በሥልጠናው ላይ መካሪዋ ሆኖ የተመደበው አሞስ ነው፤ ደብዳቤው ሐሙስ ይገባል።

"ሁለት ቀን ነው የቀረሽ" ብሏት ነበር ባሏ ራፊ ጠዋት ስትወጣ። "በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም። ዛሬንና ነገን ዝም በይ፣ ከዚያ እንደ ልብሽ ተቆጪ።"

"እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?"

ራፊ የጎረሰው ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ።

ጠዋቱን ሙሉ ዝም አለች። አሠልጣኙ ሳጊ የሚባል፣ እጅጌውን የሚጠቀልል ፈጣን ልጅ እግር ነው። የዕለቱ ትምህርት አስቸጋሪ ነገር ለሰው እንዴት እንደሚነገር ነበር። "በከባዱ አትጀምሩ" አለ ሳጊ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ። "መጀመሪያ ሁለት መልካም ነገር ተናገሩ። የሰውዬው ልብ ይከፈት። ከዚያ ከባዱን አስከትሉ።" ሠላሳ ስምንት ሰው ጻፈ። ውበቴም ጻፈች፤ ለአንድ ተኩል ሰዓት የተብራራው ነገር አባቷ ያለ ሥዕልና ያለ ቢጫ ወረቀት ሲኖሩበት የኖሩት መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ተራው የአሞስ ሆነ። አሞስ ሃያ ስድስት ዓመት ርእሰ መምህር ሆኖ ያገለገለ፣ በክራዮት በኩል ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዝናብ ቢዘንብ ነፋስ ቢነፍስ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ እየጠራ ያስገባል። ክፉ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ነገር በቀለለ ነበር፤ ክፉን ሰው መጥላት ማንም አያቅተውም።

"ከማኅበረሰቡ ጋር ስለ መግባባት አንድ የተሳካ ታሪክ ላካፍላችሁ" አለ አሞስ። "አራተኛ ክፍል አንዲት ልጅ አለችን። ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጅቱ ክፍል ውስጥ አትናገርም። ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል ትዛወር አልን። አባትየውን ጠርቼ ነገርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፣ አንድም ቃል አልተቃወመም። በሳምንቱ ደግሞ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ሳንጠራቸው መጡ።"

ፎቶው ግድግዳው ላይ በራ። አሞስ በመካከል፣ ሁለት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፣ ከኋላቸው ሁለት ባዶ ወንበሮች።

"ትምህርት ቤቱን መረቁ፣ መምህራኑን መረቁ፣ እኔን መረቁኝ። ለማመስገን ነው የመጡት። ወንበር ባቀርብላቸው እንኳ አንቀመጥም አሉ፤ እንዲህ ያሉ ትሑት ሰዎች ናቸው። ነገ ቫዓዳው ይሰበሰባል፣ የልጅቱ ጉዳይ ያልቃል።"

ቫዓዳ የሚባለው ማን የት ክፍል እንደሚማር የሚወስነው ኮሚቴ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ውበቴ እጇ ጭኗ ላይ ቀረ።

በስተቀኝ የቆሙትን ታውቃቸዋለች። አባ ያለው ናቸው፤ የአባቷ ወዳጅ፣ ሃያ ዓመት ወደብ ላይ የሠሩ፣ አሁን ክርያት ሞጽኪን የሚኖሩ። ይበልጥ የምታውቀው ግን አቋቋማቸውን ነው። ለጉዳይ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ተሰምቶ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አይቀመጥም። ንጉሥ ወንበር ቢስብለት አይቀመጥም። ይህን የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ግድግዳ ላይ የበራው ትሕትና አልነበረም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር።

ለሀፍሳካ፣ ለአጭር ዕረፍት፣ ሲበተኑ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ደወለች።

"አባ ያለው፣ እንደምን ዋሉ?"

"ፈጣሪ ይመስገን። ራፊ ደኅና ነው? ልጆችሽ? ሥራሽስ እንዴት ይዞሻል?"

"ሁሉም ደኅና ነው። አባ፣ ክራዮት ትምህርት ቤት ሄደው ነበር?"

"ሄጄ ነበር እንጂ። ለታፈረና ለሚስቱ ለወርቄ ጉዳይ። ታፈረን ታውቂው የለ፣ ወደብ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራውን። ልጁን ኤላን ከክፍሏ ሊያወጡበት ነው። የልጁን አስተማሪ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ሆነበትና እኛን ላከ።"

"ታዲያ ምን አሏቸው?"

"ምን እላለሁ። ምርቃቱን ሳልጨርስ ደወል ተደወለ። ሰውዬው እጄን ጨበጠ፣ ፎቶ አነሣን፣ ሸኘን። ነገሩ ላይ አልደረስንም እኮ።"

"ተመልሰው አልሄዱም?"

"ጸሐፊዋ ቀጠሮ ሰጥታናለች። ከፋሲካ በኋላ ነው።"

"አባ፣ የሚወስኑት ነገ ነው። ሰውዬው እዚህ ከእኔ ጋር ሥልጠና ላይ ነው።"

"እንግዲያ አንቺ እዚያው አይደለሽም ወይ?" አሉ።

ውበቴ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደገፈች። የራፊ ምክር ጆሮዋ ላይ አለ። የነሸር ትምህርት ቤት አለ፤ በሩ በየት በኩል እንዳለ፣ ግቢው ውስጥ ስንት ዛፍ እንዳለ ሳይቀር ታውቃለች፣ ሁለት ጊዜ ሄዳ በአጥሩ አይታዋለች። ሐሙስ ደብዳቤው ይገባል። ነገ ደግሞ አንዲት ልጅ አባቷ ባልተናገረው ቃል ከጓደኞቿ ትለያለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። ይህ ግን ቸግሯል።

ተመልሰው በክብ ሲቀመጡ ሳጊ "አሁን ለአሞስ አስተያየት እንስጥ፣ በተማርነው መንገድ" አለ። አንዱ ድፍረቱን አደነቀ። ሌላዋ ፎቶው ልቧን እንደነካው ተናገረች። ተራው ውበቴ ጋ ደረሰ።

"አሞስ፣ በዝናብ በር ላይ ቆመህ ልጆቹን በስም ታስገባለህ። ይህ አንድ ነው። ለሽማግሌዎቹ ወንበር ሳብህላቸው። ይህ ሁለት ነው።" ውኃ ጠጣች። "ሦስተኛው፣ ያመጡትን ጉዳይ ሳትሰማ ሸኘሃቸው።"

"ጉዳይ አልነበራቸውም። ሊያመሰግኑኝ ነው የመጡት።"

"ሊለምኑህ ነው የመጡት። የልጅቱ አባት ነው የላካቸው። በእኛ ወግ ሰው የሚያከብረውን ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌውም መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ወንበሮቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ አሁን ገባህ? አሁን በሀፍሳካ አንደኛውን ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ።"

የአሞስ ጆሮ ቀላ። "ታዲያ ለምን አልተናገሩም? አሥር ደቂቃ ሰጠኋቸው። አሥሩንም በምርቃት ጨረሱት።"

"ሳጊ ከጠዋት ጀምሮ ምን ሲያስተምረን ነው የዋለው? መጀመሪያ መልካሙ፣ የሰው ልብ ይከፈት፣ ከዚያ ከባዱ። እኛ ዛሬ ጻፍነው። እነሱ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኖረውበታል። አንተ መልካሙን ተቀብለህ ከባዱ ሳይመጣ ተነሣህ።"

አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። ሳጊ ሥዕሉን አየ።

"ዘረኛ ነህ እያልሽኝ ነው?" አለ አሞስ።

ይህን ጥያቄ ውበቴ አሥራ አንድ ዓመት ስትሰማው ኖራለች። ሰው ስሕተቱ ሲነገረው ትልቁን ስድብ ራሱ አንሥቶ ራሱ ላይ ይለጥፍና ስለ ስሕተቱ የሚነጋገር ይጠፋል፤ ሁሉም እሱን ለማጽናናት ይሯሯጣል።

"አላልኩም። አልሰማህም ነው ያልኩህ። ያኛውን ብልህ ይቀልህ ነበር፤ ተቆጥተህ ትገላገላለህ።"

ይፋት የምትባለው የወረዳው ተቆጣጣሪ እስካሁን አልተናገረችም። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ የነገውን የቫዓዳ ፋይሎች ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ከመካከላቸው አንዱን አወጣች።

"አሞስ፣ ወላጆች ተስማምተዋል ብለህ ጽፈሃል። በምን ማስረጃ?"

"አባትየው ዝም አለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ።"

"ማስረጃው እንግዲህ ይህ ፎቶ ነው።" መልስ አልጠበቀችም። ወደ ውበቴ ዞረች። "ሽማግሌውን አሁን ልታገኚያቸው ትችያለሽ?"

ውበቴ ደውላ ማን ማን እንደሚሰማቸው ለአባ ያለው ነገረቻቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋም ስልኩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ክቡ መካከል ሳበችው። "አንድ ነገር ብቻ" አለች። "አታቋርጧቸው።"

አባ ያለው በወደብ የተማሩት ዕብራይስጥ ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጭነት አንሥተው፣ ቦታው መሆኑን አይተው ነው የሚያስቀምጡት። መረቁ። ተማሪዎቻችሁ ይብለጧችሁ አሉ። ያስተማራችሁት ልጅ አገር ያቅና፣ ስማችሁን በክፉ የሚያነሣ አይገኝ፣ በጡረታችሁ በር የሚያንኳኳ የቀድሞ ተማሪ አትጡ አሉ። አሞስን በስሙ ጠርተው እሱን ለብቻ መረቁት። ሳጊ ሰዓቱን አየ፤ ይፋት ጣቷን አነሣችበት። አራት ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ ስምንት ሰው አንድ ስልክ እያየ ተቀምጧል።

"ውበቴ" አሉ ሽማግሌው በአማርኛ፣ "አሉ ወይስ ሄዱ?"

"አሉ አባ። አንድም ሰው አልተነሣም።"

"እንዲያ ከሆነ ወደ መጣንበት ልግባ" ብለው ወደ ዕብራይስጡ ተመለሱ። "ልጅቱ ዱዳ አይደለችም። ሕንፃችን ሃያ አራት ቤት ነው። የሐኪም ቤቱን ደብዳቤ፣ የመብራቱን ደብዳቤ፣ የፈረቃውን ወረቀት ለሁላችን የምታነብልን ኤላ ናት። ከማታውቀው ሰው ጋር ቶሎ አታወራም፤ እኔም አላወራም። መርምሯት፤ አባትና እናቷ ባሉበት ይሁን። ችግር ከተገኘባት እኛው እጇን ይዘን እናመጣታለን። እስከዚያ ግን ከጓደኞቿ አትለዩአት። አንድ ዓመት ስጡን። ዋሷ እኔ ነኝ። ያለው ዋስ ሆኖ ያፈረበት ጊዜ የለም። ነገሬ ይኸው ነው፤ መልሱን ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"ቤታቸው አይደሉም እንዴ?" አለች ይፋት ዝቅ ባለ ድምፅ። "እዚያም ቆመዋል?"

"እዚያም ቆመዋል" አለች ውበቴ። በድምፅዋ ውስጥ ይህ የእኔ ቤት ሰው ነው፣ ስሙት፣ የሚል ኩራት ነበር፤ ሰው ሁሉ ሊያስተምራቸው ሲሽቀዳደም የኖረባቸው ሰዎች ልጅ መሆኗ የዚያን ያህል አኩርቷት አያውቅም።

ሁሉም አሞስን አየ። አሞስ ፎቶውን አየ።

"አቶ ያለው" አለ በመጨረሻ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። "ነገ ጉዳዩን አላቀርብም። እሁድ ጠዋት ከወላጆቿ ጋር ኑ። እሰማችኋለሁ።"

"ቤሰደር፣ እሺ" አሉ አባ ያለው።

ይፋት ፋይሉ ላይ 'ተስማምተዋል' የሚለውን ሰርዛ ከላዩ 'አልተጠየቁም' ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ከነገው ክምር አውጥታም ቦርሳዋ ውስጥ ለብቻው ከተተችው።

ለምሳ ሲወጡ አሞስ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

"የነሸርን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"በሠላሳ ስምንት ሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"ያጨበጨቡልህም እነሱው ናቸው። ጭብጨባው በጓዳ ቢሆን እኔም በጓዳ እነግርህ ነበር።"

ውበቴ አልተንቀሳቀሰችም። ደብዳቤውን ቢነፍጋት ነሸርን ታጣለች፤ ዳግመኛ ይህ ቀን ቢመጣ ግን ያንኑ ትደግመው ነበር፣ ይህንንም ፊቷ ላይ እንዲያነብ ትታዋለች። እሱ ስልኩን አወጣና የእሁድን ቀጠሮዎች ተመለከተ።

"ግማሽ ሰዓት ብይዝላቸው ይበቃል?"

"ለምርቃቱ ይበቃል።"

አሞስ ቀጥሎ ያለውን ስብሰባ ሰረዘ። ትንሽ አሰበና ከእሱ በኋላ ያለውንም ሰረዘ።